በውርጭ ያደረ ደም፦ ግንደ ሕዋስን አቀዝቅዞ ማኖር ለሕሙማን የሚያተርፈውና የሚያስከፍለው

ደም የሚያመነጨው የአጥንት መቅኔ በደዌ ወይም በመድኃኒት ብርታት በጠፋበት ሕሙም ላይ፣ ከራሱ አስቀድሞ የተወሰደ ወይም ከሌላ ሰው የተለገሰ ግንደ ሕዋስ በደም ሥሩ ገብቶ እንደገና ደም እንዲፈጥር ማድረግ፣ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሕክምና ካስገኛቸው ዐበይት ሥራዎች አንዱ ነው። ዳሩ ግን ይህ ሥራ ከተጀመረ አንሥቶ ከሐኪሞቹ ሳይለይ የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሕዋሱ ከለጋሹ በተወሰደበት ሰዓትና ለተቀባዩ በሚሰጥበት ሰዓት መካከል ቀናት፣ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት በሚያልፉበት ጊዜ፣ በጽኑ ቅዝቃዜ ውስጥ ያደረው ሕዋስ ሲነቃ የቀድሞ ኃይሉን ይዞ ይነቃልን? የጎደለበት ነገር ካለስ ጉድለቱ በሕሙሙ ማገገም ላይ ምን ያህል ይታያል? የሚል ነው።

የዚህ ሐተታ ጸሐፊ እምነት እንደሚከተለው ነው። ቅዝቃዜ ለሕክምናው የሚሰጠው ትልቅ ሀብት ጊዜ ነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ የሕዋስ ቍጥርና የሕዋስ ኃይል ነው፤ ይህንንም ዋጋ የሚከፍለው ማቀዝቀዣውን ያቆመው ተቋም ሳይሆን፣ ደሙ ተሟጦ በአልጋ ላይ ሆኖ የአዲሱን ደም መምጣት የሚጠባበቀው ሕሙም ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዝ በጅምላ መልካም ነው ወይም ክፉ ነው ተብሎ ሊፈረድበት የሚገባ ነገር አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሕሙም ዘንድ፣ የተገዛው ጊዜ በእርግጥ ለእርሱ ጥቅም የተገዛ ነው ወይስ ለአሠራር ምቾትና ለልማድ ሲባል? ተብሎ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው እንጂ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሕክምናው እንዴት እንደሚፈጸም ማስታወስ ያስፈልጋል። በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ የሚኖሩት ደም ፈጣሪ ግንደ ሕዋሳት ቍጥራቸው እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ኦክሲጅን ተሸካሚውን ቀይ ሕዋስ፣ ከተሐዋስያን ጋር የሚዋጋውን ነጭ ሕዋስና ደምን የሚያረጋውን አርጊ ሕዋስ ዕለት ዕለት የሚወልዱት እነርሱ ናቸው። መልቲፕል ማየሎማን፣ ሊምፎማን ወይም ሉኪሚያን የመሰለ የደም ካንሰር ለማጥፋት ብርቱ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር በሚሰጥበት ጊዜ መቅኔውም ከካንሰሩ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ እንግዲህ ከዚህ ጥፋት በኋላ ሕሙሙን በሕይወት የሚያቆየው አስቀድሞ የተዘጋጀለት ግንደ ሕዋስ ነው። ሕዋሱ እንደ ማንኛውም ደም በደም ሥር ይሰጣል፤ ከዚያም ማንም ሳይመራው ወደ መቅኔው ሄዶ ይሰፍራል። ይህን መንገድ በሰው ላይ ከጠረጉት ሊቃውንት ቀዳሚ የሆኑት አሜሪካዊው ሐኪም ኢ. ዶናል ቶማስ የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸውን ያሳተሙት በ1957 ሲሆን፣ በዚሁ ሥራቸው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪሞች አዲሱ መቅኔ ሥር ሰደደ የሚሉት፣ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሕዋስ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በላይ ሆኖ በተከታታይ ሦስት ቀን ሲገኝ ነው፤ ለአርጊ ሕዋስም፣ ሕሙሙ ከሌላ ሰው የተወሰደ አርጊ ሕዋስ ሳይሰጠው ቍጥሩ ከ20,000 በላይ ሆኖ መቆየቱን ይጠብቃሉ። የራሱ ሕዋስ ከደሙ ተጣርቶ ተወስዶ የተመለሰለት ሰው ወደዚህ ደረጃ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ሲሆን፣ የእትብት ደም የተሰጠው ሰው ግን ሦስትና አራት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ሌላ ጊዜ የማያሰጋ ተሐዋሲ ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ድድን የሚያደማ ጥቂት ነገርም ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለሆነም የማገገሙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን መርዘሙ ለሩቅ ተመልካች ቀላል ቢመስልም፣ በሕሙሙና በአስታማሚዎቹ ዘንድ ከባድ ነገር ነው። ስለ ማቀዝቀዝ የሚደረገው ምርምር ሁሉ የሚለካውም በእነዚህ ቀናት ነው።

በደጋው አገር የሚኖር ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው ውርጭ የመታው ገብስ ማለዳ ሲያዩት እንደ ቆመ ነው፤ ፀሐይ በሞቀው ጊዜ ግን ይጠወልጋል፤ ጉዳቱ በሌሊት ቢፈጸምም የሚገለጸው በሚቀልጥበት ሰዓት ነውና። የሕያው ሕዋስም ጠባይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕዋስ አብዛኛው አካሉ ውኃ ስለሆነ፣ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ሁለት ዓይነት ሞት ይጠብቀዋል፤ ይህንም በአሜሪካ በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሠሩት ፒተር ማዙር በ1972 ከባልደረቦቻቸው ጋር ግልጽ አድርገው አስረድተዋል። ቅዝቃዜው እጅግ የዘገየ እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ በረዶ የሚሆነው ከሕዋሱ ውጭ ያለው ውኃ ስለሆነ፣ የቀረው ፈሳሽ ጨው እየከበደ ሄዶ የሕዋሱን ውኃ ወደ ውጭ ይስባል፤ ሕዋሱም ደርቆና ተጨማትሮ ይጎዳል። ቅዝቃዜው እጅግ የፈጠነ እንደ ሆነ ደግሞ ውኃው ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ በራሱ በሕዋሱ ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ በረዶውም የውስጥ አካሉን ይቀዳድዳል። ለደም ፈጣሪው ግንደ ሕዋስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የደኅንነት መንገድ በየደቂቃው ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ማቀዝቀዝ ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ፍጥነትን መመጠን ብቻውን አይበቃም፤ ሕዋሱን ከበረዶ የሚጠብቅ መድኃኒትም ያስፈልጋል። ይህ መድኃኒት የተገኘው በለንደን አጠገብ በሚል ሂል በነበረው የሕክምና ምርምር ተቋም ሲሆን፣ ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አላን ፓርክስ የተባሉት ተመራማሪዎች የዶሮ ዘርን ስኳር በሟሟበት ፈሳሽ ለማቀዝቀዝ በሚሞክሩበት ጊዜ፣ ጽሑፉ ተሳስቶ በተለጠፈበት ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ሳይጠበቅ ዘሩን ከሞት አዳነው፤ ፈሳሹም በተመረመረ ጊዜ በውስጡ ያለው ግሊሴሮል ሆኖ ተገኘ። ውጤቱን በ1949 ካሳተሙ በኋላ፣ በ1955 ባርነስና ሉቲት የተባሉት ተመራማሪዎች በግሊሴሮል የቀዘቀዘ ደም ፈጣሪ ሕዋስ በብርቱ ጨረር የተመቱ አይጦችን ሊያድን መቻሉን አሳዩ። በ1959 ደግሞ ጀምስ ላቭሎክና ማርከስ ቢሾፕ፣ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ የሚባለው ፈሳሽ ከግሊሴሮል ይልቅ ፈጥኖ ወደ ሕዋስ እንደሚገባ አስታወቁ፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ ግንደ ሕዋስ የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው በዚሁ ፈሳሽ ነው። ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ በቃሊቲ ያለው የእንስሳት ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ለገበሬው ሲያዳርስ የኖረው፣ ከዚያው ከሚል ሂል በተነሣው ዕውቀት ነውና።

አሁን ባለው አሠራር ከለጋሹ ወይም ከሕሙሙ የተወሰደው ሕዋስ ከዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ በልዩ ከረጢት ይሞላል፤ የፈሳሹም መጠን ብዙውን ጊዜ አሥር ከመቶ ነው። ከዚያም ፍጥነቱን በሚመጥን መሣሪያ ይቀዘቅዛል። ውኃ በረዶ በሚሆንበት ቅጽበት በውስጡ ያለውን ሙቀት ስለሚለቅ፣ መሣሪያው ይህን ጊዜ ጠብቆ ቅዝቃዜውን ያበረታል፤ አለዚያ ሕዋሱ ሞቆ ተመልሶ በድንገት ይቀዘቅዛልና። በመጨረሻም ከረጢቱ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ወይም ከእርሱ በላይ ባለው ተን ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ሕዋሱ በቆየ ቍጥር እየደከመ የሚሄድ ይመስለዋል። እንዲህ ባለ ጽኑ ቅዝቃዜ ግን የሕዋስ የኬሚካል ሥራ ሁሉ ቆሟልና ዓመታት ብቻቸውን ሕዋሱን አያስረጁትም። ሃል ብሮክስማየር የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከ21 እስከ 23 ዓመት ተኩል በቅዝቃዜ የቆየ የእትብት ደም ግንደ ሕዋሱ ኃይሉን እንደያዘ መገኘቱን አሳይተዋል፤ በ2023 የታተመው ጥናት ደግሞ ይህን ዘመን ወደ 27 ዓመት አደረሰው። ስለዚህ ጉዳቱ የሚደርሰው በመግቢያውና በመውጫው፣ ማለት በሚቀዘቅዝበትና በሚቀልጥበት ሰዓት ነው።

ማኖሩ ራሱ ግን ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ አደጋው የሚመጣው ከሰው ጥንቃቄ ጉድለት ነው። በ1995 በለንደን የወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ፣ በአንድ የናይትሮጅን ጋን ውስጥ ከፈሰሰ ከረጢት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ወደ ሌሎች ከረጢቶች ተላልፎ ሕሙማንን እንደ በከለ አስታውቋል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቋማት ከረጢቶችን በድርብ መሸፈንና ከፈሳሹ ይልቅ በተኑ ውስጥ ማስቀመጥ መረጡ። በ2018ም በሳን ፍራንሲስኮና በክሊቭላንድ ከተሞች በነበሩ ሁለት የመካንነት ሕክምና ማዕከሎች ጋኖች ተበላሽተው የብዙ ቤተሰብ ተስፋ የነበሩ እንቁላሎችና ፅንሶች ጠፍተዋል። የናይትሮጅን ጋን ለተወሰነ ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል ቀዝቅዞ መቆየት ይችላል፤ ሌሊትና ቀን የሚቆጣጠረው የታመነ ሠራተኛ ከሌለው ግን በውስጡ ያለውን አደራ አይጠብቅም።

እንግዲህ ወደ መቅለጫው ሰዓት እንምጣ። ከረጢቱ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ ፈጥኖ እንዲቀልጥ ይደረግና ሳይዘገይ ለሕሙሙ ይሰጣል፤ ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ በቅዝቃዜ ጊዜ ሕዋሱን ቢጠብቅም በሞቀ ጊዜ ራሱ ይጎዳዋልና። ይኸው ፈሳሽ ወደ ሕሙሙ ደም ሲገባ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የፊት መቅላት፣ አንዳንድ ጊዜም የደም ግፊት መውደቅ ያመጣል፤ ትንፋሹም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ ይኖረዋል። ስለዚህ ሐኪሞች በአንድ ቀን የሚሰጠው መጠን በሕሙሙ ክብደት በኪሎ ከአንድ ግራም እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ከቀዘቀዙት ሕዋሳት መካከል ግራኑሎሳይት የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ከሞቱትም የሚወጣው ነገር ሌሎቹን እያጣበቀ ያጓጉላል። ደም ፈጣሪው ግንደ ሕዋስ ከእነርሱ ይልቅ ጽኑ ነው፤ ቢሆንም ከጉዳት ፈጽሞ አይድንም።

በዚህ ስፍራ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ጥልቅ ነገር አለ። የቤተ ሙከራ ባለሙያ ከቀለጠው ከረጢት ጥቂት ወስዶ በቀለም ሲመረምር፣ ቅርፊቱ ያልተቀደደውን ሕዋስ ሁሉ ሕያው ብሎ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሕያው የሆነው ሁሉ ነገም ሕያው ሆኖ አይገኝም፤ በማቀዝቀዝ የተጎዳ ሕዋስ ራሱን የሚያጠፋው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላልና። ሕያው መሆንና መውለድ መቻልም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ጠንቃቆች ቤተ ሙከራዎች የሕያዋንን ቍጥር ብቻ ሳይሆን፣ ሕዋሱ በማሳደጊያ ሳሕን ላይ ተባዝቶ ቡድን መሥራቱን ጭምር ይመረምራሉ። ሐኪሞችም ለንቅለ ተከላ የሚያስፈልገውን መጠን ሲወስኑ፣ ሲዲ34 የሚባል ምልክት ያላቸው ሕዋሳት በሕሙሙ ክብደት በኪሎ ከ2 ሚሊዮን እንዳያንሱ፣ ቢቻልም 5 ሚሊዮን እንዲደርሱ ይሻሉ። መጠኑ የበዛ እንደ ሆነ ከማቀዝቀዝ የሚመጣው ጉድለት በማገገም ቀናት ላይ እምብዛም አይታይም፤ መጠኑ ከመጀመሪያው ያነሰ እንደ ሆነ ግን ያው ጉድለት ይገለጻል። የመቀዝቀዝ ዋጋ ለሁሉም ሕሙም አንድ ዓይነት ያልሆነበት ዋና ምክንያት ይህ ነው።

የማቀዝቀዝን በጎነት በግልጽ ያሳየው ታሪክ የተፈጸመው በ1988 ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ኤልያን ግሉክማን የተባሉት ፈረንሳዊት ሐኪም፣ በፓሪስ በቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል፣ ፋንኮኒ አኒሚያ በሚባል በዘር በሚወረስ ደዌ ለታመመ አንድ አሜሪካዊ ሕፃን፣ እኅቱ በተወለደች ጊዜ ከእትብቷ የተወሰደውን ደም ሰጡት። ያ ደም በብሮክስማየር ቤተ ሙከራ በኢንዲያናፖሊስ ቀዝቅዞ ከተቀመጠ በኋላ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሄደ ነበር፤ ሕፃኑም ድኖ ለአካለ መጠን ደረሰ። ቀድሞ ከእንግዴ ልጁ ጋር ይጣል የነበረው ደም ከዚህ በኋላ በባንክ የሚጠበቅ ሀብት ሆነ። የእትብት ደም የተቀበለ ሕሙም ዘግይቶ ማገገሙ ግን ደሙ በመቀዝቀዙ ምክንያት ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ዋናው ምክንያት በአንድ እትብት ውስጥ ያለው ሕዋስ ለአንድ ጎልማሳ አካል ጥቂት መሆኑ ነው። ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ደግሞ ከዚያው ከጥቂቱ ላይ የሚቀንሱ በመሆናቸው፣ በዚህ ሕክምና እያንዳንዱ እርምጃ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከሌላ ሰው የሚለገሰው የመቅኔና የደም ግንደ ሕዋስ ግን ለብዙ ዘመን ሳይቀዘቅዝ፣ በተላላኪ እጅ በአውሮፕላን ተጉዞ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሲሰጥ ኖሯል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ድንበሮችን ሲዘጋና አውሮፕላኖችን ሲያቆም ይህ ልማድ በድንገት ተለወጠ፤ በአሜሪካ ያለው ብሔራዊ የመቅኔ ለጋሾች ድርጅት ከዚያ ዓመት መጋቢት መጨረሻ ጀምሮ፣ የሕሙሙ መቅኔ በመድኃኒት ከመጥፋቱ በፊት የለጋሹ ሕዋስ ደርሶና ቀዝቅዞ እንዲቀመጥ አዘዘ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ መቅኔው ከጠፋ በኋላ ለጋሹ ቢታመም ወይም መንገዱ ቢዘጋ ሕሙሙ ያለ ተስፋ ይቀራልና። በዚህም ምክንያት፣ ሊቃውንት በፈቃዳቸው ሊያደርጉት የማይችሉት ታላቅ ንጽጽር በመከራ ጊዜ ተገኘ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች የቀዘቀዘ ሕዋስ ተቀብለው፣ ከእነርሱ በፊት ያልቀዘቀዘ ከተቀበሉት ጋር ሊመዛዘኑ ቻሉ።

ከዚህ ንጽጽር የተገኘው ትምህርት ለችኩል ፈራጅ የማይመች ነው። በብዙዎቹ ጥናቶች የቀዘቀዘ ሕዋስ የተቀበሉት ሰዎች ነጭና አርጊ ሕዋሳቸው የተመለሰው በአንድ ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ዘግይቶ ነው፤ ሕዋሱ ሳይዝ የቀረባቸውም በመጠኑ በዝተዋል። ይህም ሆኖ፣ በደም ካንሰር የታመሙት ሰዎች በመጀመሪያው ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በትልልቆቹ ጥናቶች የከፋ ሆኖ አልተገኘም። አፕላስቲክ አኒሚያ በሚባለው ደዌ፣ ይኸውም መቅኔ ያለ ካንሰር በሚደርቅበት ሕመም፣ ነገሩ የተለየ ነው፤ በ2020 የታተመ አንድ ጥናት፣ የቀዘቀዘ ሕዋስ በተቀበሉት ላይ አለመያዝ መብዛቱንና በሕይወት የመቆየት ዕድልም ማነሱን አሳይቷል። እነዚህ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ደም ተሰጥቷቸው ስለሚቆዩ ሰውነታቸው እንግዳውን ሕዋስ ለመግፋት የተዘጋጀ ነው፤ ስለዚህ የሕዋሱ ብርታት ጥቂት እንኳ ቢጎድል ሚዛኑ ይናወጣል። እንደዚህ ላለው ሕሙም፣ ግድ ካልሆነ በቀር፣ ትኩሱን ሕዋስ መምረጥ የጥበብ ሥራ ነው።

በዚያው ጊዜ ሌላ ነገርም ተገለጸ። ጉዳት የሚያደርሰው ማቀዝቀዙ ብቻ ሳይሆን ከማቀዝቀዙ በፊት የሚያልፈው ሰዓትም ነው፤ ከሩቅ አገር ተጉዞ ደርሶ ከዚያ በኋላ የቀዘቀዘ ሕዋስ፣ እንደ ተወሰደ ወዲያው ከቀዘቀዘው ይልቅ ደክሞ ይገኛልና። ከዚህም በላይ ከተለገሱት ከረጢቶች አንዳንዶቹ ሳይሰጡ ቀርተዋል፤ ሕሙሙ ሞቷል፣ ወይም ደዌው ተመልሶበታል፣ ወይም ሐኪሞቹ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ለማያውቀው ሰው ሲል መርፌን የታገሠ ለጋሽ የሰጠው ስጦታ በጋን ውስጥ ያለ ጥቅም መቅረቱ በኅሊና ፊት የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ስለዚህ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ፣ ማቀዝቀዝን ለሁሉም ሕሙም ግዴታ ማድረግ ቀርቶ በየምክንያቱ የሚወሰን መሆኑ፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ ትክክለኛ መንገድ ነው።

እንግዲህ ቅዝቃዜ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እነማን ናቸው? ከእነርሱ መካከል የእኛም ወገኖች አሉ። ከሌላ ሰው ሕዋስ ለመቀበል ኤችኤልኤ የሚባለው የሕዋስ መለያ መስማማት አለበት፤ ይህም ከዘር የሚወረስ ስለሆነ ተስማሚ ለጋሽ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከወገን መካከል ነው። በ2014 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ አገር የለጋሾች መዝገብ ውስጥ ፍጹም ተስማሚ ለጋሽ የማግኘት ዕድል ከአውሮፓ ዘር ለሆኑ ነጮች 75 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ግን 19 ከመቶ ያህል ነበር። የአፍሪካ ሕዝቦች የዘር ልዩነት እጅግ የሰፋ መሆኑና የተመዘገቡትም ለጋሾች ማነሳቸው ይህን ችግር አመጡት፤ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚኖር የኢትዮጵያ ተወላጅ ከዚህ ችግር ውጭ አይደለም። የእትብት ደም መለያው ሙሉ በሙሉ ባይስማማም ሊያገለግል ስለሚችል፣ እንደዚህ ላለው ሕሙም በባንክ ውስጥ ቀዝቅዞ የሚጠብቀው ከረጢት የሕይወት በር ሊሆንለት ይችላል። በግማሽ ከሚስማማ የቤተሰብ አባል መቀበልም፣ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተራቀቀው፣ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው መድኃኒት አሰጣጥ ከተስፋፋ ወዲህ ሌላ በር ከፍቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በለጋሾች መዝገብ መመዝገባቸው፣ እናቶችም የሕዝብ ባንክ ባለበት ስፍራ የእትብት ደም መለገሳቸው፣ ለወገን የሚደረግ ታላቅ በጎ አድራጎት መሆኑን እዚህ ላይ ሳልናገር ማለፍ አልወድም።

በሌላ በኩል ደግሞ ጽኑ ቅዝቃዜ ፈጽሞ የማያስፈልግበት ስፍራ አለ፤ ይህም ገንዘቡና መሣሪያው ላነሰው አገር ሁሉ ታላቅ የምሥራች ነው። በመልቲፕል ማየሎማ የሚሰጠው ሜልፋላን የሚባል መድኃኒት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ስለዚህ ከሕሙሙ የተወሰደው ሕዋስ በተራ የደም ማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ተቀምጦ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ፈጽሞ ሲያልፍ ሊመለስለት ይችላል። በሜክሲኮ በፑዌብላ ከተማ ጊዬርሞ ሩይዝ አርጉዌዬስ የተባሉት ሐኪም በዚህ ዘዴ፣ ብዙዎቹን ሕሙማን በሆስፒታል ሳያስተኙ፣ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በእኛው አህጉር በአልጄሪያ፣ በኦራን ከተማ፣ ፕሮፌሰር መሐመድ አሚን በካጃና ባልደረቦቻቸው ከ2009 ጀምሮ ይህንኑ መንገድ ይዘው፣ በደም ማቀዝቀዣ የቆየው ሕዋስ መልካም ሆኖ ሥር መስደዱን አሳይተዋል። በዚህ መንገድ የተሰጠ ሕዋስ የዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ መከራ የለበትም፤ በማቅለጥም የሚሞትበት የለም፤ የማገገሙም ፍጥነት ከቀዘቀዘው የማይዘገይ ሆኖ ተገኝቷል። ለሊምፎማ የሚሰጠው የብዙ መድኃኒት ቅንብር ግን ስድስት ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ሕዋሱ በ4 ዲግሪ ያን ያህል ሲቆይ መድከም ይጀምራል፤ እዚህ ላይ ማቀዝቀዝ ተገቢ ይሆናል፤ ቢሆንም ውድ መሣሪያ ለሌለው አገር፣ ለጥቂት ወራት ከሆነ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ማኖር አጥጋቢ ውጤት እንዳለው የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ለአገራችን አንባቢ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሕክምና ፍለጋ ቤት ንብረታቸውን ሸጠው፣ ከዘመድ አዝማድ አሰባስበው፣ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄዳሉ፤ መሄድ የማይችለውም ደዌው ሲበረታበት እያየ በቤቱ ይቀራል። ስለ ግንደ ሕዋስ ሕክምና በተነሣ ቍጥር፣ ትልልቅ የናይትሮጅን ጋኖችና ፍጥነት መጣኝ መሣሪያዎች ሳይሟሉ ሥራው ሊታሰብ አይችልም የሚል ሐሳብ የሚያድርባቸው ሰዎች አሉ። የፑዌብላና የኦራን ሥራ ግን ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። በቅድሚያ የሚያስፈልገው፣ ሕዋሱን ከደም የሚያጣራ መሣሪያና እርሱን የሚያውቅ ባለሙያ፣ ሲዲ34ን በትክክል የሚቈጥር ቤተ ሙከራ፣ አርጊ ሕዋስ በተጠየቀ ሰዓት የሚያቀርብ የደም ባንክ፣ ተሐዋስያንን የሚከላከል ንጹሕ ክፍል፣ ከሁሉም በላይ ትኩሳት በተነሣ ሰዓት ሌሊትም ቢሆን የምትደርስ የሠለጠነች ነርስ ናት። እነዚህ ሳይኖሩ የሚቆም የናይትሮጅን ጋን ከብረት የተሠራ ጌጥ ነው፤ እነዚህ ካሉ ግን በመልቲፕል ማየሎማ የታመሙት ወገኖቻችን ያለ ጋኑም የሕክምናውን ጥቅም ሊያገኙ ይችላሉ። ጋኑ በሥራው ብዛትና በሕሙማኑ ልዩ ልዩ ፍላጎት መጠን በኋላ ይከተላል።

ለሕክምና ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሕሙምም ሆነ ቤተሰቡ ሐኪሙን በትሕትናና በግልጽነት ሊጠይቀው የሚገባው ነገር አለ፤ ሕዋሴ ይቀዘቅዛልን? የሚቀዘቅዝስ ከሆነ ስለ ምን? ከተወሰደ ስንት ሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል? ሲቀልጥስ ሕያው ሆኖ የሚቀረው ቍጥር ለክብደቴ ይበቃልን? ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪምም ይህን ጥያቄ አይጠላም። ሕዝብ የሚጠይቅበት ሕክምና በጥንቃቄ ይሠራል፤ ሕዝብ ዝም ያለበት ሕክምና ግን ቀስ በቀስ ለሠሪው ምቾት ይገዛል።

ሕዋስን ከሞት ጠብቆ ለዓመታት ማኖር ታላቅ ጥበብ ነው፤ በ1988 ለዚያ ሕፃን እንደ ሆነለት ሁሉ፣ ለጋሽ ላጣና ሩቅ ቀጠሮ ላለበት ሰው ሁሉ የሕይወት ዘመን ይጨምርለታል። ነገር ግን የጥበቡ ክብር የሚለካው በጋኑ ውስጥ በተከማቸው ከረጢት ብዛት ወይም ከረጢቱ በቆየበት ዘመን ርዝመት አይደለም፤ ሕሙሙ ነጭ ሕዋሱ ተመልሶ፣ ትኩሳቱ በርዶ፣ አርጊ ሕዋሱ በራሱ ቆሞ ከሆስፒታሉ በወጣበት ቀን ነው። ማቀዝቀዣ የሚገዛ ሹም፣ ሕዋስ የሚያቀልጥ ባለሙያና ሕክምናውን የሚያዝ ሐኪም ሁሉ ሥራቸውን በዚህ ቀን ቢመዝኑ፣ መቼ ማቀዝቀዝ እንደሚገባና መቼ እንደማይገባ ለመወሰን የሚቸገሩ አይመስለኝም።